ስለ ሰንስክሪንና ስለ ቆዳ ካንሰር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ሊገዛ መድኃኒት ቤት የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው "ትልቁ ቁጥር ስንት ነው?" ብሎ ነው። ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት አላስታውስም። ምን ያህል መቀባት እንዳለበት የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ጫማውን አውልቆ ውስጥ እግሩን አይቶ የሚያውቅ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከደንበኞች የመጡ ናቸው፤ ማንም የማይጠይቃቸውን ጥቂቶች እኔ ጨምሬያለሁ።

ፀሐይ እንዴት አድርጋ ነው ካንሰር የምታመጣው?

ሙቀቷ አይደለም። ጉዳቱን የሚያደርሰው ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት፣ በአጭሩ ዩቪ የሚባለው ጨረር ነው። በሦስት ይከፈላል። ዩቪሲ የኦዞን ሽፋን ላይ ይቀራል። ዩቪቢና ዩቪኤ ግን ምድር ይደርሳሉ፤ እኛ ጋ ከሚደርሰው ዩቪ 95 በመቶ ገደማው ዩቪኤ ነው። ዩቪቢ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን የሚያቃጥለው ነው። በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ በቀጥታ ይመታና ጎን ለጎን የተቀመጡትን የዲኤንኤ ፊደላት አንዱን ከአንዱ ያጣብቃቸዋል። ዩቪኤ ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ ቆዳን ያሸበሽባል፣ ዲኤንኤንም በተዘዋዋሪ መንገድ ይጎዳል።

ሕዋስ ይህን ዝም ብሎ አያይም። የተጣበቀውን ቆርጦ አውጥቶ በደህናው የሚተካ የጥገና ሥርዓት አለው፤ ሌት ተቀንም ይሠራል። ችግሩ አንዳንዱ ስህተት ሳይታረም ያልፋል። በዓመታት ውስጥ ስህተት በስህተት ላይ ሲደራረብ ሕዋሱ መባዛቱን አቁም ቢባል የማይሰማ ይሆናል። ይህ ጥገና ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታወቀው ሲታጣ ነው። ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባለው በዘር የሚተላለፍ በሽታ ያለባቸው ልጆች ጥገናው ከውልደታቸው ጀምሮ ስለማይሠራላቸው ገና 10 ዓመት ሳይሞላቸው የቆዳ ካንሰር ሊይዛቸው ይችላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም የፀሐይን ጨረር ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ጋር የመደበው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው።

የቆዳ ካንሰር ሁሉ አንድ ነው?

አይደለም። ሦስቱን ዋና ዋናዎች ማወቅ ይበቃል። በቁጥር የሚበዛው ቤዛል ሴል ካርሲኖማ ነው። ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨቱም እጅግ ብርቅ ነው። ቸል ከተባለ ግን አፍንጫን ወይም ጆሮን እየበላ ይሄዳል። ሁለተኛው ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ነው፤ ይሄኛው ሊሰራጭ ይችላል። ሦስተኛው ሜላኖማ ነው፤ የሚነሳው ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። በቁጥር ከሦስቱ ያንሳል፣ በገዳይነት ግን ይበልጣቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ዙሪያ 325 ሺህ ያህል ሰዎች ሜላኖማ እንደያዛቸው፣ 57 ሺህ ያህል ደግሞ እንደሞቱበት ተገምቷል።

ቆዳዬ ጥቁር ነው። ይህ የነጮች ጣጣ አይደለም?

ግማሹ እውነት ነው። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒን የሚባለው ቀለም በተፈጥሮ የተሰጠ ጥላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ስሌት የጥቁር ሰው ቆዳ ምንም ሳይቀባ ኤስፒኤፍ (ሰንስክሪን ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር) 13 ያህል፣ የነጭ ሰው ቆዳ ደግሞ 3 ያህል መከላከያ እንዳለው ያሳያል። በአሜሪካ ሜላኖማ በነጮች ላይ የሚታየው ከጥቁሮቹ ከ20 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጥቁር ሰውን "ካልተቀባህ ካንሰር ይይዝሃል" እያሉ ማስፈራራት ልክ አይመስለኝም። ዕቃ ለመሸጥ ካልሆነ በቀር።

ሌላው ግማሽ ግን ሰው ያስገድላል። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ ሲወጣ ደጋግሞ የሚመርጠው ፀሐይ የማታገኘውን ቦታ ነው፤ ውስጥ እግርን፣ መዳፍን፣ የጥፍር ሥርን። ይህ ዓይነቱ ከፀሐይ ጋር ያለው ዝምድና የላላ ስለሆነ በክሬም የሚቀር አይደለም። ቦብ ማርሌይን የገደለው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የታየው ቁስል መጀመሪያ ኳስ ሲጫወት የተጎዳው መስሎ ነበር። ሲመረመር ሜላኖማ ሆነ። ጣቱ ይቆረጥ የሚለውን ምክር አልተቀበለም፤ ጥፍሩና ጥፍሩ የተኛበት ሥጋ ብቻ ተነሥቶለት ከሌላ ቦታ በተወሰደ ቆዳ ተሸፈነ። በሽታው ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተሰራጭቶ በ1981፣ በ36 ዓመቱ አረፈ።

ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማም በጥቁር ቆዳ ላይ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ወይም ለዓመታት አልድን ካለ ቁስል ነው። በእግር ላይ ለወራት የከረመ ቁስል ጠርዙ እየደደረ፣ ከፍ ከፍ እያለ፣ ሲነኩት ቶሎ የሚደማ ከሆነ፣ ፋሻ መቀያየሩን ትቶ ናሙና ማስወሰድ ነው የሚሻለው።

በሽታው ጥቁሮች ላይ ብርቅ ቢሆንም፣ የያዛቸው ሰዎች የሚተርፉበት ዕድል ከነጮቹ ያነሰ ነው። አንዱ ትልቅ ምክንያት ዘግይቶ መታወቁ ነው። "እኛን አይነካም" የሚለው እምነት በሽተኛው ጋ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ አንዳንድ ሐኪም ጋም አለ።

ታዲያ ሰንስክሪን ለጥቁር ቆዳ ምን ይረባዋል?

ይረባዋል፤ ምክንያቱ ግን በአብዛኛው ከካንሰር ውጭ ነው። ማዲያት ያለበት ሰው፣ ብጉሩ ደርቆ ጥቁር ምልክት የተወበት ሰው፣ ያለ ሰንስክሪን የሚቀባው ሌላ መድኃኒት ሁሉ ድካም ነው፤ ክሬሙ ማታ ያቀላውን ፀሐይ ቀን ታጠቁረዋለች። እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። ጥቁር ቆዳን የሚያጠቁረው ዩቪ ብቻ ሳይሆን በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። ተራ ሰንስክሪን ደግሞ ይህን ብርሃን አያስቆምም። የሚያስቆመው አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ቡናማ ቀለም ነው። ስለዚህ ለማዲያት የሚገዛ ሰው የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበትን ሰንስክሪን ይምረጥ፤ በጀርባው ላይ ከተዘረዘሩት ነገሮች መካከል አይረን ኦክሳይድ መኖሩንም ያረጋግጥ።

ይህ ሌላም ችግር ያቃልላል። ነጩ ክሬም ጠይም ፊት ላይ አመድ የተነሰነሰ ያስመስላል፤ ብዙ ሰው ሁለት ቀን ተቀብቶ መሳቢያ ውስጥ የሚረሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀለም ያለው ግን ከፊት ጋር ይመሳሰላል።

ኤስፒኤፍ 100 ከ50 እጥፍ አይሻልም?

አይሻልም። ኤስፒኤፍ 15 ከዩቪቢ 93 በመቶውን ያስቀራል። 30 ያለው 97 በመቶ፣ 50 ያለው 98 በመቶ፣ 100 ያለው 99 በመቶ ያህል ነው። መቶ በመቶ የሚባል የለም። ከ30 በታች አትግዙ፤ ከ50 በላይ ላለው ደግሞ የሚጨመረው ገንዘብ የሚገባው አልቢኒዝም (ሲወለዱ ጀምሮ የቆዳ ቀለም ማጣት) ላለባቸው፣ ንቅለ ተከላ ለተደረገላቸውና በጣም ነጭ ቆዳ ላላቸው ሰዎች ነው።

ቁጥሩ ደቂቃ የሚመስለውም ሰው አለ። "30 ስለሆነ 30 ደቂቃ ይቆያል" የሚል ሰው ሰምቻለሁ፤ በሰዓት የሚለካ ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ ቁጥሩ የሚናገረው በዋናነት ስለ ዩቪቢ መሆኑ ነው። ዩቪኤንም የሚከላከል መሆኑን ለማወቅ "ብሮድ ስፔክትረም" የሚለውን ጽሑፍ፣ ወይም በክብ ውስጥ የተጻፈውን የዩቪኤ ምልክት ፈልጉ። ይህ ከሌለው ቁጥሩ 100 ቢሆንም መልሱት።

ምን ያህል ልቀባ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ የሚጠይቀው ግን የለም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር በላቦራቶሪ ሲለካ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 2 ሚሊ ግራም ክሬም ተቀብቶ ነው። ይህ ወፍራም ነው። ሰው በቤቱ የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ የዚህን ሩብ ወይም ግማሽ ነው። ሲሳሳ መከላከያውም ይወርዳል። ስለዚህ ኤስፒኤፍ 50 ገዝቶ የ15ቱን ያህል ሳያገኝ የሚውለው ሰው ብዙ ነው።

ለፊትና ለአንገት ቀላሉ መለኪያ ጣት ነው። አመልካች ጣትንና የመሐል ጣትን አጋጥማችሁ ከሥር እስከ ጫፍ በሁለቱም ላይ ክሬሙን መስመር አድርጋችሁ ጭመቁ። ስታዩት "ይህ ሁሉ?" ትላላችሁ። አዎ፣ ይህ ሁሉ። በአንድ ጊዜ ከከበዳችሁ የአንዱን ጣት ቀብታችሁ ጥቂት ቆዩና ሁለተኛውን ድገሙ። ለመላ ሰውነት፣ ዋና ለሚሄድ አዋቂ ማለት ነው፣ 35 ሚሊ ሊትር አካባቢ ያስፈልጋል። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ጠርሙስ በየቀኑ ለፊትና ለአንገት ከእሷ እየተቀባችሁ ስድስት ወር ከቆየች፣ ጠርሙሷ ተባርካ ሳይሆን ክሬሙ ሳስቶ ነው።

የሚረሱትን ቦታዎች አውቃቸዋለሁ፤ እኔም ስለምረሳቸው። የጆሮ ጫፍ፣ የአንገት ጀርባ፣ ከንፈር፣ የፀጉር መከፈያ መስመር፣ ራሰ በራ ለሆነ ሰው አናቱ፣ ክፍት ጫማ ላደረገ የእግሩ ላይኛው ገጽ።

አንዴ ከተቀባሁ እስከ ስንት ሰዓት ያቆየኛል?

ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ተቀቡ፤ ውጭ እስካላችሁ ድረስ በየሁለት ሰዓቱ ድገሙ። ካላባችሁ፣ ከዋኛችሁ ወይም ፊታችሁን በፎጣ ከጠረጋችሁ ሰዓቱን አትጠብቁ። "ውሃ ይቋቋማል" የሚለው ጽሑፍ ከጎኑ 40 ወይም 80 ደቂቃ የሚል ይኖረዋል፤ የሚቋቋመውም ለዚያ ያህል ነው። ጭራሽ ውሃ የማያስለቅቀው ሰንስክሪን የለም።

ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ርቆ ቢሮ ለሚቀመጥ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ድገም ማለት ግን ማስቸገር ነው። ጠዋት ይቀባ፤ ከሰዓት ሊወጣ ሲል ይድገም። ቅደም ተከተሉ ፊት ማለስለሻው መጀመሪያ፣ ሰንስክሪኑ ቀጥሎ፣ ሜካፑ መጨረሻ ነው። "ፋውንዴሽኔ ራሱ ኤስፒኤፍ አለው" ለሚሉኝ፣ ያንን ቁጥር ለማግኘት በሁለት ጣት ልክ ፋውንዴሽን መቀባት እንዳለባቸው እነግራቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ደመና ከሆነ፣ ወይም መኪና ውስጥ ከሆንኩስ?

ስስ ደመና አብዛኛውን ዩቪ ያሳልፋል። ቀዝቃዛ አየርም ያታልላል፤ የሚቀዘቅዘውና የሚያቃጥለው የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ዩቪው 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ተራራ ላይ ብርድ እያንቀጠቀጠው ፊቱ የሚላጥ ሰው አለ። በረዶም ጨረሩን መልሶ ከታች ወደ ላይ ያንጸባርቀዋል።

መስታወት ዩቪቢን በአብዛኛው ያስቀራል፤ ዩቪኤን ግን ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ፎቶግራፍ ይህን ካየሁት ማብራሪያ ሁሉ በተሻለ ይናገራል። ሰውየው 69 ዓመቱ ነው፤ 28 ዓመት ዕቃ ጫኝ መኪና ነድቷል። ቀኝ ጉንጩ የዕድሜውን ይመስላል። በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራው ግን እንደ ታረሰ መሬት ተሰንጥቆ፣ ተንጠልጥሎ፣ የሌላ ሽማግሌ ፊት ሆኗል። ሹፌር ከሆናችሁ የመስኮት በኩል ያለውን ክንዳችሁን ከሌላው ጋር አስተያዩት።

ለዕለቱ ውሳኔ የዩቪ ኢንዴክስ የሚባለውን ቁጥር ስልካችሁ ላይ ባለው የአየር ሁኔታ መተግበሪያ ታገኙታላችሁ። 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መከላከል ያስፈልጋል፤ 11 እና ከዚያ በላይ የመጨረሻው ከባድ ነው። ስልክ ከሌለ ጥላችሁን እዩ። ጥላችሁ ከቁመታችሁ ካጠረ ፀሐይዋ ከባድ ናት።

እውነት ካንሰርን ይከላከላል ወይስ የኩባንያ ወሬ ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ጥሩው ማስረጃ የመጣው ናምቡር ከምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 1996 ድረስ 1,621 ነዋሪዎች በዕጣ ተመደቡ። ገሚሶቹ በየቀኑ ራሳቸውን፣ አንገታቸውን፣ ክንዳቸውንና እጃቸውን ሰንስክሪን እንዲቀቡ ተደረገ፤ ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ። በየቀኑ በተቀቡት ላይ የስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ ዕጢዎች 40 በመቶ ያህል ቀነሱ። ቤዛል ሴል ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። ሙከራው ካበቃ ከአሥር ዓመት በኋላ ሲቆጠር፣ በየቀኑ ሲቀቡ ከነበሩት 11 ሰዎች፣ ከሌሎቹ ደግሞ 22 ሰዎች ሜላኖማ ይዟቸው ተገኘ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። ክሬሙ ኤስፒኤፍ 15 ገደማ ነበር፤ ዛሬ ሰው አንስቶ የማያየው ቁጥር። ውጤቱን ያመጣው የየቀኑ ልማድ ነው። ሁለተኛ፣ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ያላቸው ናቸው፤ ስለዚህ ይህን ውጤት እንዳለ ወስዶ ለጥቁር ቆዳ መናገር አይቻልም።

ክሬሙ ራሱ ወደ ደም ገብቶ ካንሰር ያመጣል ይባላል።

የሰንስክሪን ማጣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። ዚንክ ኦክሳይድና ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ማዕድን ናቸው። እንደ አቮቤንዞንና ኦክሲቤንዞን ያሉት ደግሞ በተለምዶ "ኬሚካል" የሚባሉት ናቸው። (ዚንክም ኬሚካል ነው፤ ግን ስሙ ጸንቷል።) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 ባወጣቸው ጥናቶች ከሁለተኛው ወገን የሆኑት ወደ ደም እንደሚገቡ አሳይቷል። መግባታቸው ተጨማሪ ምርመራ እንዲጠየቅ አድርጓል፤ ጉዳት አደረሱ ማለት ግን አይደለም። እስካሁን ሰንስክሪን መቀባት በሰው ላይ ካንሰር እንዳመጣ የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ዩቪ ካንሰር እንደሚያመጣ ግን የተረጋገጠ ነው። ያም ሆኖ የሚከነክናችሁ ከሆነ ዚንኩን ግዙ፤ ስለ እነዚህ ሁለት ማዕድናት ያለውን መረጃ መሥሪያ ቤቱ በቂ ብሎታል። እኔም ለነፍሰ ጡርና ቆዳው ለሚቆጣ ሰው የማነሳው ዚንኩን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 አንዳንድ የሚረጩ ሰንስክሪኖች ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን በእንግሊዝኛ benzene የሚባለው ኬሚካል) የሚባል ካንሰር አምጪ ነገር ተገኝቶባቸው ከገበያ ተሰብስበው ነበር። ያ ብክለት እንጂ የሰንስክሪኑ ቅመም አልነበረም። የሚረጨውን ለፊት አለመጠቀም ግን ጥሩ ነው፤ ወደ ሳንባ ይገባል።

በባሕር ውስጥ ለሚኖረው ኮራል ሲባልም ሃዋይ ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለባቸው ሰንስክሪኖች እንዳይሸጡ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕግ አውጥታ ከ2021 መጀመሪያ አንስቶ በሥራ ላይ አውላለች።

ቫይታሚን ዲ አያሳጣኝም?

በተለመደው አቀባብ አያሳጣም፤ ማንም ሰው ቆዳውን አንድም ሳያስቀር፣ በትክክለኛው መጠን አይሸፍንምና። ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ፀሐይ በምታንስበት አገር ሲኖር ግን ቀድሞውንም ቫይታሚን ዲው ሊያንስ ይችላል። ያ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በክኒን ይሞላል። ለዚህ ተብሎ መቃጠል አያስፈልግም።

ልጄ ገና አራት ወሯ ነው። ልቀባት?

ስድስት ወር እስኪሞላት ጥላና ልብስ ይሻላታል። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ የተቀባውን በቀላሉ ያስገባል። ከስድስት ወር በኋላ ዚንክ ያለውን መቀባት ይቻላል። ጋሪዋን ፀሐይ እንዳይነካት ብላችሁ በብርድ ልብስ አትጀቡኑት፤ ውስጡ በፍጥነት ይግላል።

አልቢኒዝም ላለበት ሰውስ?

ለእሱ ይህ የውበት ዕቃ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ሜላኒን ስለሌለው ወይም በጣም ስለሚያንሰው ፀሐይ የበዛበት አገር የሚኖር ከሆነ ስኩዌመስ ሴል ካርሲኖማ በወጣትነቱ ሊመጣበት ይችላል። ሐኪም ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ከሆነ ደግሞ ሕይወቱን ያሳጣዋል። መከላከሉ በሕፃንነት ይጀመራል፦ እጅጌ ረጅም ልብስ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ኤስፒኤፍ 50 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ በየጥቂት ወሩ ደግሞ የቆዳ ሐኪም። በክፍል ውስጥ ከመስኮት ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜውን ወደ ጠዋት ማድረግ መምህር በአንድ ቃል የሚያደርገው ነገር ነው። ሥራ ሲመርጥም በረንዳ ላይ ከሚያውል ሥራ ጣሪያ ያለው ይሻላል። ፊቱ ላይ የሚመላለስ ቅርፊት ወይም የማይድን ትንሽ ቁስል ካለ አይጠበቅበት፤ በጊዜው ከተያዘ በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚያልቅ ነገር ነው።

ክሬም ባልወድስ?

ተዉት፤ ልብስ ልበሱ። በነገራችን ላይ ሰንስክሪን የመከላከያው መጀመሪያ አይደለም። ጥላ ይቀድማል፣ ልብስና ባርኔጣ ይከተላል፤ ክሬም ልብስ ለማይሸፍነው ቦታ ነው። ክሬም ይሳሳል፣ ይታጠባል፣ ይረሳል። ሸሚዝ ግን ሰዓት አይቆጥርም። ልብስ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ የሚያስቀረው ከምታስቡት ያነሰ ነው፤ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነና ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ይሻላል። ልብሱን ወደ ብርሃን አንሱትና በውስጡ አሻግራችሁ እዩ፤ ብርሃን እንደ ልብ ካለፈ ዩቪም ያልፋል። ባርኔጣው ዙሪያውን 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጠርዝ ይኑረው። ከፊት ብቻ ጠርዝ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም፤ ጆሮ ደግሞ ካንሰሩ ከሚወዳቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ከፀሐይ ጋር ይጋጫል?

አንዳንዱ ይጋጫል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በተለመደው ፀሐይ ሊቃጠል ይችላል። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ከቆዳ ካንሰር ጋር ተያይዟል፤ ይህም በተለይ ነጭ ቆዳ ላላቸው ነው። እንደ አዛታዮፕሪን ያለ የበሽታ መከላከያ አቅምን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ፣ በተለይ ኩላሊት የተተከለላቸው፣ አደጋቸው በብዙ እጥፍ ያድጋል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ራሳችሁንም ሸፍኑ።

ከመድኃኒት ይልቅ የሚያሳስበኝ የማቅያ ክሬም ነው። ስቴሮይድ ያለበት ቆዳን ያሳሳል፤ ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል። ሁሉም የተፈጥሮውን መከላከያ ይገፋሉ። ሜላኒኑን በገንዘቡ አስወግዶ ሰንስክሪን በገንዘቡ የሚገዛ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል።

ካለፈው ዓመት የተረፈኝን ልጠቀም?

ቀኑ ካለፈ፣ ከተቆራረሰ፣ ውሃና ቅባቱ ከተለያየ ወይም ሽታው ከተለወጠ ጣሉት። በጋለ መኪና ውስጥ የከረመም እንዲሁ።

ምን ሳይ ነው ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ?

ሰውነታችን ላይ "ማርያም የሳመችኝ" የምንለው ጥቁር ነጥብ አብዛኛው ምንም አያደርግም። የሚያጠራጥረው ሁለቱ ጎኖቹ የማይመሳሰሉ፣ ጠርዙ የተቦዳደሰ፣ ቀለሙ የተዘበራረቀ፣ ስፋቱ ከ6 ሚሊ ሜትር የበለጠ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተለወጠ ወይም እየተለወጠ ያለ ነው። ከሌሎቹ ነጥቦቻችሁ ጋር የማይመሳሰል አንድ ብቻውን የወጣ ካለም አሳዩት።

ጥቁር ቆዳ ያለው ሰው ምርመራውን ከእግሩ ይጀምር። በወር አንድ ቀን፣ ከታጠባችሁ በኋላ፣ ጥሩ ብርሃን ባለበት ቁጭ በሉ። እግራችሁን ጉልበታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ውስጥ እግሩን እዩ፤ ተረከዙን፣ ቅስቱን፣ በጣቶቹ መካከል ጣት እያስገባችሁ ፈልቅቃችሁ። ማየት ካልቻላችሁ መስታወት ወለሉ ላይ አስቀምጡ፣ ወይም የቤት ሰው ይይላችሁ። ቀጥሎ ጥፍሮቹን። በብዙ ጥቁር ሰው ጥፍር ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የሚሄድ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር አለ፤ በተለይ በብዙ ጥፍሮች ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ቀለሙ የማይመሳሰል፣ ወይም ከጥፍሩ አልፎ ወደ ሥሩ ቆዳ የፈሰሰ ጥቁረት ግን አይቆይ። "መትቶኝ ነው" የሚለውን ለመለየት ጥፍሩ እያደገ ሲሄድ ተመልከቱ፤ የደም ምልክት ከጥፍሩ ጋር ወደ ፊት ይገፋል፣ መስመር ግን ከሥሩ እየወጣ ይቀጥላል።

ሐኪሙ በማጉያ መሣሪያ ያየዋል፤ ካጠራጠረው ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ትንሽ ናሙና ይወስድና ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። "ቢነኩት ይዛመታል" የሚለውን ስጋት ብዙ ሰው ያነሳዋል፤ ናሙና መውሰድ ካንሰርን አያሰራጭም፣ አለመውሰዱ ነው ለበሽታው ጊዜ የሚሰጠው። የጥፍር ቀለም የተቀባችሁ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት የእጃችሁንም የእግራችሁንም አስለቅቁት፤ ካልሆነ ሐኪሙ ማየት የፈለገውን ሳያይ ይመልሳችኋል።